የፋኖስ ብርጭቆ በምን ይጸናል?

ፋኖስ የማያውቅ ሰው የለም። የፋኖስን ጠባይ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ብርጭቆው ከቦታው ተንሸራቶ ወድቆ ሲሰበር «ዕድሜው አልቆ ነው» ይባላል። ማንም ሳይነካው እኩለ ሌሊት ላይ ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ ደግሞ «የሰው ዓይን አርፎበት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የሚወድቀው ብርጭቆ የላላ ነው። ሳይነኩት የሚሰነጠቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ የጠበቀ ወይም በአንድ ወገን ብቻ የጋለ ነው። እንግዲህ በመላላትና በመጥበቅ መካከል ያለውን ልክ እንፈልግ።

በቅድሚያ በስሞቹ እንስማማ። አንዱ አገር ፋኖስ የሚለውን ሌላው ማሾ ይለዋል። የአካል ክፍሎቹንም ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ይጠራቸዋል። እኛ እዚህ ላምባ የሚጠራቀምበትን የታችኛውን ክፍል ሆድ እንለዋለን። ሆዱ አፍ ላይ ተጠምዝዞ የሚገባውን፣ ክሩን የሚይዘውን ብረት ራስ እንለዋለን። በራሱ ዙሪያ ወደ ላይ የቆሙትን፣ ብርጭቆውን ከታች በኩል አቅፈው የሚይዙትን ቀጫጭን ብረቶች ጥርስ እንላቸዋለን። አራት ጥርስ ያለው ፋኖስ ብዙ ነው። ኩራዝ ብርጭቆም ጥርስም ስለሌለው ዛሬ እሱን አናነሣውም።

ምሳሌያችንን ከሽሮ ሜዳ እንውሰድ። ሽሮ ሜዳ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለ ሠፈር ነው። በሸማ ገበያው አገር ያውቀዋል። ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ የሸማኔ ቤት ምን አገባን?» እንዳትሉ። የፋኖስ ብርጭቆ እንደ ሸማኔ ቤት ክፉኛ የሚፈተንበት ቦታ የለም። በሸማኔ ቤት የጸና ብርጭቆ በገበሬ ቤት፣ በበረት፣ በወፍጮ ቤትም ይጸናል።

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል። በእግሩ እያፈራረቀ ይረግጣል፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል፣ ከዚያ ማጉን በኃይል መትቶ ያስጠጋል። ይህ ምት በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። በእያንዳንዱ ምት የሽመናው እንጨት ይነቃነቃል፣ ወለሉም ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ የተቀመጠ ፋኖስ ብርጭቆው የላላ ከሆነ ቅጭልጭል ይላል። ከፊቱ የተዘረጋው ደግሞ ነጭ ድር ነው። አንድ ጠብታ ላምባ ወይም አንድ ጣት ጥላሸት ቢያርፍበት ያ ሁሉ ልፋት ለገበያ አይሆንም። ብርጭቆው ተሰብሮ ነበልባሉ ቢያገኘው ደግሞ ጥጥ ነውና እሳቱ ለወሬ ነጋሪም ጊዜ አይሰጥም። ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረብ የነጠላና የቀሚስ ትእዛዝ ይበዛል፤ ሸማኔው ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል። የኤሌክትሪክ መብራት ባልገባበት ቤት፣ ወይም ገብቶም በጠፋበት ሌሊት፣ ያ ሁሉ ሥራ በፋኖስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በዚያ ሠፈር አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ቤት ገብተን ፋኖሳቸውን አየን። ሁለት ጥርሱ ተሰብሯል። ብርጭቆውን እንዳይወድቅ በጥጥ ፈትል ዙሪያውን ጠምጥመው አስረውታል። ፈትሉ በላምባ ርሶ ጠቁሯል።

«አባባ፣ ይህ ፈትል እሳት አይዝም?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ እስካሁን አልያዘም» አሉን ሳቅ ብለው። «እኔ የማውቀው ማሰር ነው። የላላ ነገር ካልታሰረ በምን ይጸናል?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም እሱ ነው። መልሱን ለማግኘት ብርጭቆው ፋኖሱ ላይ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ብርጭቆ ነፋስ ለመከለል ብቻ የተደረገ ይመስለዋል። ነፋስስ ይከልላል፤ ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው። ፋኖሱን ያለ ብርጭቆ አብሩትና ተመልከቱ። ነበልባሉ ቀይ ነው፣ ይወዛወዛል፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል። አሁን ብርጭቆውን በቦታው አኑሩት። ነበልባሉ ወዲያው ቀጥ ይላል፣ ይነጣል፣ ጭሱም ይጠፋል። ምን ተደረገ? ብርጭቆው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ይቀላል፤ ሲቀል ወደ ላይ ይወጣል። የወጣውን ለመተካት አዲስ አየር በራሱ ሥር ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይሳባል። ላምባ በደንብ እንዲነድ ብዙ አየር ይፈልጋል። ያን አየር የሚያመጣለት ብርጭቆው ነው። ብርጭቆ ለፋኖስ፣ ወናፍ ለባለ እጁ እንደ ማለት ነው። ወናፍ አየሩን ይገፋል፣ ብርጭቆ ይስበዋል፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው።

ይህን ሰው ያወቀው ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ኤሜ አርጋን የተባለ የስዊስ ተወላጅ በነበልባሉ ዙሪያ ቱቦ የመሰለ ብርጭቆ ሲያቆምበት መብራቱ ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ ደምቆ ታየ። በዚያ ዘመን የሚነደው የዘይትና የዓሣ ነባሪ ስብ ነበር። ላምባ የመጣው በኋላ ነው። በ1853 እ.ኤ.አ. ኢግናሲ ሉካሼቪች የሚባል ፖላንዳዊ መድኃኒት ቀማሚ የሠራው የላምባ ፋኖስ፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለችው በልቪቭ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ለሌሊት ቀዶ ሕክምና በራ። ከዚያ ወዲህ ፋኖስ ዓለምን ዞሯል። በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ቀን እርሻ ላይ ውሎ ማታ ፊደል የቆጠረው ገበሬ ሰሌዳውን ያየው ባብዛኛው በፋኖስ ነበር። ማታ ማታ ስናስተምር ብርጭቆ የተሰበረ ዕለት ትምህርቱም ይሰበር ነበር፤ ኋላ የተቀመጠ ሰው በጭስ ውስጥ «ሀ»ን ከ«ሐ» ሊለይ አይችልም።

ስለ ደጋ አገር አንድ ነገር እንጨምር። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሽሮ ሜዳም ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዚያ ብዙ አይርቅም። አየር ሲሳሳ ፋኖስ ቶሎ ያጨሳል፤ ስለዚህ በቆላ በደንብ የሚበራ ፋኖስ ደጋ ሲወጣ ክሩ ዝቅ ማለት አለበት። ረጅም ብርጭቆም ይረዳል፤ ቁመቱ በጨመረ መጠን የሚስበው አየር ይበዛል። አላዲን የሚባለውን ፋኖስ የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ ለደጋ ተብሎ ብርጭቆ የሚያስረዝም ተቀጥላ ሸጧል። ታዲያ ረጅም ብርጭቆ ሥሩ ላይ ካልጸና ከአጭሩ ይልቅ ይወዛወዛል። ለእኛ ለደገኞች የጥርሱ ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳስበን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። የላላ ነገር ይታሰር የሚለው ለጭነት እውነት ነው፤ ለአህያ ጭነት ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። ብርጭቆ ግን ይሞቃል። የሞቀ ነገር ሁሉ በጥቂቱ ይነፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። የፋኖስ ራስ ብዙ ጊዜ ከነሐስ ይሠራል። ነሐስ በእኩል ሙቀት ከብርጭቆ እጥፍ ያህል ይነፋል። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ የፀጉር ውፍረት ቢያህል ነው። ይሁን እንጂ ብርጭቆ እንደ ቆዳ አይለጠጥም፣ እንደ ብረት አይታጠፍም። በፀጉር ያህል ከጠበበበት ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚደረገው ስህተት አለ። ፋኖሱ እየበራ፣ ግሎ ሳለ፣ ብርጭቆው ሲወዛወዝ ይታያል። ሰውየው በጨርቅ ይይዝና ጥርሶቹን ወደ ውስጥ ይጫናል። ብርጭቆው ጸጥ ይላል። «አበጀሁት» ብሎ ይተኛል። ፋኖሱ ሲጠፋ ነሐሱ ይኮማተራል፤ በግለቱ ሰዓት ልክ የነበረው ጥርስ በቅዝቃዜው ሰዓት ብርጭቆውን ያንቀዋል። ጧ የሚለው ያኔ ነው። ዓይን የሚባለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ጥርስ የሚስተካከለው ፋኖሱ ጠፍቶ፣ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ ቢቻል በጠዋት ብርሃን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርጭቆውን አውጡና ከሰው እግር ራቅ አድርጋችሁ ጨርቅ ላይ አጋድሙት። ራሱን ከሆዱ ላይ ጠምዝዛችሁ ንቀሉት፤ እንዲህ ከሆነ ላምባ ሳይደፋ እንደ ልብ ይገለበጣል። ጥርሶቹን አንድ በአንድ እዩ። ወደ ውጭ የተለጠጠ፣ የዛገ፣ የተሰነጠቀ ይኖራል። የተለጠጠውን በአውራ ጣት፣ እምቢ ካለም በፒንሳ ጫፍ፣ በጣም በጥቂቱ ወደ ውስጥ መልሱት። አንዱን ካስተካከላችሁ ፊት ለፊቱ ያለውንም አስተካክሉ፤ አንዱ ብቻ ከገፋ ብርጭቆው ወደ ማዶ ያዘነብላል። ያዘነበለ ብርጭቆ ደግሞ ነበልባሉ በአንድ ጎኑ ይልሰዋል።

ከዚያ ብርጭቆውን በቀስታ አስገቡት። ልኩን የምታውቁት በሁለት ነገር ነው። ራሱን ከነብርጭቆው ከጨርቁ በላይ ይዛችሁ ጋደም ብታደርጉትና ነቅነቅ ብታደርጉት መውደቅም መንቀጫቀጭም የለበትም። ብርጭቆውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ስታዞሩት ደግሞ ያለ ትግል መዞር አለበት። የማይወድቅ ግን የሚዞር። የማይዞር ከሆነ ጠብቋል፤ ጥርሶቹን አላሉ። ሲነቀነቅ ድምፅ ካለው ላልቷል። ይህን ሙከራ ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁት እጃችሁ ራሱ ይለምደዋል።

ጥርሱ ተሰብሮ ከሆነስ? የሽሮ ሜዳው ሽማግሌ ችግር ይህ ነበር። አራት ጥርስ ካለው ፋኖስ አንዱ ቢሰበር ሦስቱ ቦታ ቦታቸውን እንዲካፈሉ ጥቂት ጥቂት በማጠፍ መኖር ይቻላል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ከተሰበሩ ግን አይቻልም። በቅርብ ቆርቆሮ የሚሠራ ባለ እጅ ካለ አዲስ ጥርስ ያስገባላችኋል። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሥራ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ይገኛል፤ እዚያ ከአሮጌ ብረትና ከጣሳ የማይሠራ ነገር ያለ አይመስለንም። በገጠር ባለ እጅ ከሌለ ከጣሳ ቆርቆሮ ላይ የትንሽ ጣት ወርድ ያለው፣ ርዝመቱ 4 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ይቆረጣል። ዳርና ዳሩ እጅና ብርጭቆ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ታጥፎ በመዶሻ ቀስ ብሎ ይመታል። ከዚያ አንዱ ጫፍ በራሱ ጠርዝ ሥር ይጠለፋል፣ ሌላው ጫፍ ወደ ላይ ቆሞ ብርጭቆውን ይደግፋል።

ከሁለት በላይ ጥርስ የጎደለው ፋኖስ ላይ እንዲህ ያለውን ቆርቆሮ ሦስት አድርጉት። ሦስት ለምን? የቤታችሁን ጉልቻ ተመልከቱ። ድስት በሁለት ጉልቻ አይቆምም። በሦስት ይቆማል፣ አያነክስም። በጉልቻዎቹ መካከል ደግሞ አየር ይገባል፣ እሳቱም ይነዳል። ጉልቻውን ትታችሁ ድስቱን ዙሪያውን በጭቃ ብትመርጉት ይጸና ይሆናል፤ እሳቱ ግን ይታፈናል። ሽማግሌው ፈትል ሲጠመጥሙ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ብርጭቆውን ዙሪያውን አሰሩት፣ የአየሩንም መግቢያ ከፊሉን ዘጉት። ሦስት ጉልቻ በዙሪያው በእኩል ርቀት ሲቆም ግን ብርጭቆው ሲነፋ የሚነፋበት ቦታ አለው፣ ሲኮማተርም የቆርቆሮው ጫፍ ተከትሎት ይመለሳል።

ፈትል ብቻ አይደለም የሚጠመጠመው። ወረቀት አጣጥፎ የሚሰካ አለ፤ ወረቀት እሳት ሲጠብቅ የሚኖር ነገር ነው። ሰም የሚያጣብቅ አለ፤ ሰም ገና ፋኖሱ ሞቅ ሲል ይቀልጣል፣ ከላምባው ጋርም ይነዳል። ጭቃና ሊጥ የሚለጥፍም አይተናል። ሊጡ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆንና ብርጭቆውን ያንቀዋል፤ ማታ ደግሞ አይጥ ይጠራል። ሽቦ ጠምጥሞ በፒንሳ ማጥበቅ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል።

እጀታ ኖሮት በእጅ የሚንጠለጠለው ፋኖስ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እሱ ጥርስ የለውም። ብርጭቆው ሆድ ያለው ድንች የመሰለ ነው፤ ከታች በክብ ሳህን ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ ደግሞ ባርኔጣው በሞላ ተጭኖ ይይዘዋል፣ ዙሪያውን ሽቦ ያጥረዋል። እንዲህ ያለው ፋኖስ ብርጭቆው ከላላ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክፈፉ መጣመም ነው። ከበቅሎ ላይ ወድቆ ወይም በር ተዘግቶበት አንዱ ጎኑ ይጎብጣል። ክፈፉን በሁለት እጅ ይዞ ማቃናት ይበቃል። ባርኔጣው ወደ ታች የማይገፋ ከሆነ ሞላው ዝጎ ይሆናል፤ ዝገቱን ጠርጎ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ነው። ብርጭቆውን የሚያነሣውን ዘንግ ክብሪት ለመጫር ካነሣችሁት በኋላ እስከ መጨረሻው መመለሱን እዩ። ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ብርጭቆ ነው በሚቀጥለው እርምጃ ዘንበል የሚለው።

ልኩን ያገኘ ብርጭቆም በሙቀት አያያዝ ጉድለት ይሰነጠቃል። ይህን እናቶች ከማናችንም በላይ ያውቁታል። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ኃይለኛ እሳት አይነድበትም፤ በጋለ ምጣድ ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አይደፋም። ብርጭቆም እንደዚያው ነው። ክሩን መጀመሪያ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩት፤ ብርጭቆው ዙሪያውን እኩል እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት፣ ከዚያ ከፍ አድርጉት። ጥላሸቱን ስታጥቡ ቀዝቅዞ ይታጠብ፣ ፈጽሞ ደርቆ ይመለስ። አንድ የውኃ ጠብታ በጋለ ብርጭቆ ላይ ካረፈ በዚያች ነጥብ ብቻ ይኮማተራልና ይሰነጠቃል። የሣር ክዳን የሚያፈስ ቤት ፋኖሱ የት እንደሚሰቀል ማሰብ አለበት።

ክሩም አለበት። ጠፍጣፋ ክር ቀጥ ተደርጎ በመቀስ ካልተቆረጠ አንዱ ጥግ ቀንድ ያወጣል። ቀንዱ ብርጭቆውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጠብሰዋል። ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና ሁለቱን ጥግ ትንሽ አዙሩት፤ ነበልባሉ የእጅ ጣት ጥፍር ይመስላል፣ መሐል ለመሐል ይቆማል።

በሸማኔ ቤት፣ ጥጥ በሚፈተልበትም ቤት ሁሉ፣ አንድ የተለየ ጠላት አለ፤ ብናኝ ጥጥ። ከራሱ ሥር ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ወንፊት ይመስላሉ። አየሩ ሲሳብ ብናኙም ይሳባል፣ ቀዳዳው ላይ ተደራርቦ እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል። ፋኖሱ ያጨሳል። ባለቤቱ ብርሃን ሲያንሰው ክሩን ከፍ ያደርጋል፤ ጭሱ ይብሳል፣ ራሱ ይግላል፣ ሆዱም ይሞቃል። አንዳንዴም ብናኙ ራሱ ይቀጣጠላል። መድኃኒቱ የዶሮ ላባ ነው። ፋኖሱ በቀዘቀዘ ጊዜ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ቀዳዳዎቹን መጥረግ ነው። ለገበሬም ቢሆን የእብቅና የገለባ ብናኝ ያው ነው፤ በአውድማ ወራት ፋኖሱን ጠዋት ጠዋት እዩት።

ፋኖሱ የት ይቀመጥ? በሸማኔው እንጨት ላይ፣ በመደቡ ጫፍ፣ በእህል ጆንያ ላይ አይደለም። ሽማግሌው ሸማኔ በኋላ ከግድግዳው ላይ ለብቻው የወጣ ጠፍጣፋ እንጨት መትተው፣ ከፊቱም ጣት የሚያህል መከልከያ አድርገውለት ፋኖሱን እዚያ አኖሩት። ሲሸምኑ ቤቱ ቢንቀጠቀጥም ፋኖሱ ከሽመናው ጋር አይደንስም። ከብርጭቆው አናት በላይ ያለው ጣራ፣ መጋረጃ ወይም የተሰቀለ ልብስ ራቅ ይበል፤ በብርጭቆው አፍ የሚወጣው ሙቀት ወረቀት ያነዳል።

ላምባ የሚጨመረው ፋኖሱ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው፤ እስከ አፉ አይሞላም። ቤንዚን የነበረበት ጀሪካን ለላምባ አይሁን። ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ሆዱ ውስጥ በቀላሉ የሚነድ ትነት ይፈጥራል፤ ፋኖሱ እጅ ላይ ይፈነዳል። ፋኖስ ወድቆ እሳት ቢነሣ አሸዋ፣ አፈር ወይም አመድ ይበተንበት። በላምባ እሳት ላይ ውኃ መድፋት እሳቱን ይዞ ይሄዳል። ሰው ከተቃጠለ ግን ውኃ ነው መድኃኒቱ። ቁስሉ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ እስከ 20 ደቂቃ ይፍሰስበት፤ ቅቤ፣ ማር፣ እበት፣ ሊጥ አይቀባ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምና ይታወቃል።

የላምባ ጭስ ለሳንባ ጥሩ እንዳልሆነም እንናገር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላምባ በቤት ውስጥ መጠቀም እንዲቀር መክሯል። የፀሐይ መብራት የገዛ ሰው ይህን ትምህርት ቢዘለው አንቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለናል። ፋኖሱን ለክፉ ቀን ካስቀመጠው ግን ጥርሱን አንድ ጊዜ ይይለት።

የቀረው ብርጭቆ መግዛት ነው፣ እዚህ ላይ ፊደልና ቁጥር ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ገበያ ሄዶ በዓይን ገምቶ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል። አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአሜሪካ ልክ የተሠራ ፋኖስ፣ ክሩ 1 ኢንች ማለት 25 ሚሊሜትር ያህል ወርድ ካለው፣ የብርጭቆው የታች ወርድ 3 ኢንች ወይም 76 ሚሊሜትር ነው። ከእሱ የሚያንሰው ደግሞ 2 ኢንች ተኩል፣ 63 ሚሊሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ጣት አይሞላም። ትልቁ ፋኖስ ላይ ትንሹ ብርጭቆ ይወዛወዛል፤ ትንሹ ላይ ትልቁ አይገባም። ያኔ ነው ፈትልና ወረቀት የሚፈለገው። ሌላ አገር የተሠራ ፋኖስ ልኩ ሌላ ይሆናልና የራሳችሁን ለኩ።

የሚሻለው ራሱን ነቅሎ ይዞ ገበያ መሄድና እዚያው ማስገባት፣ ነቅነቅ ማድረግ፣ ማዞር ነው። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ እዩት፤ የታችኛው ጠርዝ የተቆረሰ ከሆነ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራልና ተዉት። ውፍረቱ አንድ ወጥ ይሁን። ወፍራም ብርጭቆ ጠንካራ ይመስላል፤ እሳት ላይ ግን ቀጭኑ ይበልጣል። ወፍራሙ ውስጡ ግሎ ውጩ ቀዝቃዛ ስለሚሆን እርስ በርሱ ይጓተታል። ቂጡን የተቆረጠ ጠርሙስ በፋኖስ ላይ የማይበረክተው ስለዚህ ነው።

ራሱን ይዞ መሄድ ካልተቻለ የአሮጌውን ብርጭቆ ሥር ዙሪያ በክር ለኩ። ክሩን በማስመሪያ ላይ ዘርጉት። 24 ሳንቲሜትር ቢሆን ለ3.14 አካፍሉት፤ 7.6 ሳንቲሜትር ይሆናል፣ ይህም 76 ሚሊሜትር ነው። ቁመቱንም ለኩ። ከዚያ ገበያ ለሚሄደው ጎረቤት በቃል ከመንገር በወረቀት ጻፉለት፤ ነጋዴውም ያነባል። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል።

«የፋኖስ ብርጭቆ 1። የታች ወርዱ ከውጭ እስከ ውጭ 76 ሚሊሜትር። ቁመቱ 22 ሳንቲሜትር። ጠርዙ ያልተቆረሰ። ይህ ልክ ከሌለ ሌላ አይገዛ፤ ገንዘቡ ይመለስልኝ።»